ከሳን ክሌመንቴ የያዝኩት መርዶ

ስልኬ ሲጠራ ሳን ክሌመንቴ ባህር ዳርቻ ላይ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጎን ተንበርክኬ የሚስቴን የብስክሌት ጎማ እየነፋሁ ነበር። የሩስ ትንሽ ራቅ ብሎ ወደሚታየው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ሄዳለች። የደወሉት አጎቷ ጋሽ ወንድሙ ናቸው። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ ያለችው ሱቃቸው ሰው ስለሚበዛባት በቅዳሜ አይደውሉም።

“አማን፣ ከየሩስ ጋር ነህ?” አሉኝ።

“አዎ ጋሼ፣ አብረን ነን።”

“ትሰማኛለች?”

“አትሰማም፤ ራቅ ብላለች።”

ከጀርባቸው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። አንዲት ሴት ታለቅሳለች፣ ሌላ ሰው ዝም ያሰኛታል።

“ሚኪ አርፏል” አሉ። “ዛሬ፣ በእነሱ ከሰዓት፣ ሻሸመኔ መንገድ ላይ። መኪና ነው። ጠዋት ከሀዋሳ ደውለው ነገሩኝ።”

ሚኪ የየሩስ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወንድም የምትለው ሌላ የላትም። “እሺ ጋሼ” አልኳቸው።

የቀረውን ከመናገሬ በፊት ያኔ ማን እንደነበርን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ያደረግኩትን ነገር ለምን እንዳደረግኩ አይገባችሁም።

ግሌንዴል ውስጥ አንድ ቢሮ ኮምፒውተሮችና ሰርቨሮች ላይ እሠራ ነበር። የሩስ ካልቨር ሲቲ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ቤታችን ከፌርፋክስ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ ሕንጻ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። የተዋወቅነው ቸርች ውስጥ ነው፤ የተጋባነውም እዚያው። ከዚያች ቅዳሜ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት የሩስ ስምንተኛ ወሯ ውስጥ እያለች የልጃችን ልብ መምታት አቆመ። ሴት ነበረች። ሞታ ተወለደች።

ሰው ሁሉ ደግ ነበር። ምግብ ይዘው መጡ፣ ጸለዩልን፣ ከዚያ ዝም አሉ። እንዳናስታውስ ብለው ነው። እኛም ዝም አልን። የሕፃኗን አልጋ አንድ የቸርች ወንድም መጥቶ ፈትቶ ወሰደው፤ እኔና የሩስ ስለ አልጋው አንድ ቃል ሳንነጋገር ክፍሉ ባዶ ሆነ። አልተጣላንም። ጠዋት “ደህና ዋል” “ደህና ዋይ”፣ ማታ “በላህ?” “በላሁ።” ከውጪ ለሚያየን ሰላማዊ ቤት ነበር። ከውስጥ ግን የማደንዘዣ መርፌ የተወጋ ድድ ማለት ነው፤ ትነካዋለህ፣ እዚያ አለ፣ ግን አይሰማህም። ይህን ምሳሌ ከሥራዋ አምጥታ የነገረችኝ የሩስ ናት፤ ያኔ ሳይሆን ብዙ ቆይታ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ያገለገሉ ብስክሌቶች ቆመዋል። “አንዱ ያንተ ነው” አለችኝ። ሀዋሳ ነው ያደገችው፤ ብስክሌት እንደ እግር በሆነበት ከተማ። ያስተማራት ሚኪ ነው፤ በዕድሜ ቢያንሳትም ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ፣ ብስክሌት መንዳት የተማርኩት ሎስ አንጀለስ መጥቼ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው።

መጀመሪያ እዚሁ ሠፈር ዞር ዞር አልን። ያኔ የካልቨር ሲቲው ባቡር ሥራ ከጀመረ ብዙም አልቆየም። አንድ ቅዳሜ ብስክሌቶቻችንን ይዘን ገባንና ዳውንታውን ወረድን። በሌላው ቅዳሜ ከዳውንታውን አልፈን ከዩኒየን ስቴሽን ሌላ ባቡር ያዝን። ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ። ጠዋት ባቡር እንይዛለን፣ አንድ ከተማ ላይ ወርደን በባህሩ ዳር እንነዳለን፣ ከዚያ ወደፊት ካለ ጣቢያ ተሳፍረን እንመለሳለን። ሰው “እንዴት ነው መኪና እያላችሁ?” ይለናል። መልሱን አልነግራቸውም ነበር፤ ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ። ብስክሌት ላይ ማውራት አይጠበቅብህም። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይከተላል። ባቡር ውስጥ ደግሞ መስኮት አለ። ሳንነጋገር አንድ ላይ መዋል የምንችልበት ሌላ መንገድ አልነበረንም።

ያን ቀን ሳን ህዋን ካፒስትራኖ ላይ ወርደን፣ ውሃው የደረቀውን ወንዝ ተከትለን ባህሩ ጋ ደረስን። ከዚያ በዳና ፖይንት በኩል ወደ ሳን ክሌመንቴ ነዳን። የሩስ እንደ ወትሮዋ ትቀድማለች። ሳን ክሌመንቴ ስንደርስ ሁለቱን ብስክሌቶች አጥሩ ላይ አስደግፋ፣ ከጀርባቸው ባህሩ እንዲታይ አድርጋ ፎቶ አነሳች።

“ለማን ነው?” አልኳት።

“ለሚኪ። በቫይበር ልላክለት፣ ይቅና ትንሽ።” ላከችለት። “አላየውም፤ ተኝቶ ይሆናል” አለችና ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ነው ጎማዋ መተንፈሱን ያየሁት። የውስጡን ካላማዳሪ ቀይሬ መንፋት ስጀምር እሷ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄደች። ስልኬም ጠራ።

ጋሽ ወንድሙ መመሪያ ይሰጡኝ ጀመር።

“አደራ፣ እንዳትነግራት። በመንገድ፣ በሰው መሀል መርዶ አይነገርም። ቤት አምጣት፣ ተሰብስበን እንነግራታለን። ፓስተሩም መጥቷል። እንደ ወጉ ቢሆን ሊነጋጋ ሲል ነበር የሚነገረው፤ ግን ይሄ ፌስቡክ የሚሉት አለ፣ ማሳደር አይቻልም።”

“እሺ ጋሼ።”

“መኪናህን ቀስ ብለህ ንዳ እንግዲህ። እንዳትደነግጥ።”

“መኪና አልያዝንም። በሳይክልና በባቡር ነው የመጣነው።”

“በምን?”

“በሳይክል።”

“ሳን ክሌመንቴ? በሳይክል?”

“ከባቡር ወርደን ነው የምንነዳው።”

“በመኪና ሰው ልላክ?” አሉ።

“እስኪደርስ ባቡሩ ይቀድማል። ደግሞ እዚህ ድረስ ሊወስዳት የመጣ ዘመድ ካየች ወዲያው ታውቃለች።”

“እሱስ እውነትህን ነው። እንደምንም አምጣት። ስልኳን ግን ውሰድባት።”

ስልኩን ዘግቼ መንፋቴን ቀጠልኩ። ምንም አልተሰማኝም። ሚኪን እወደው ነበር። በሰርጋችን ሰሞን በስልክ “እህቴን ኮረብታ ላይ ቀድመሃት እንዳትሄድ” ብሎ የቀለደብኝ ልጅ ነው። ያን እያስታወስኩ እንኳ እጄ ፓምፑን ይገፋል፣ ይስባል። ጎማው እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ነፋሁት።

የሩስ እጇን ሱሪዋ ላይ እያደራረቀች መጣች።

“ማን ነው የደወለው? ስታወራ አየሁህ።”

“ከሥራ ነው። ሰርቨር ወድቋል።”

“ቅዳሜ?”

“ቅዳሜ ነው የሚወድቀው።”

“ሶ፣ መመለስ አለብን?”

“ቀደም ብለን ብንመለስ ጥሩ ነው።”

“ኦኬ” አለች፤ አልተከፋችም፣ ደስም አላላት። ሁሉንም ነገር እንደዚያ ነበር የምትቀበለው። ስልኬ ባትሪ ሊጨርስ ነው፣ የባቡሩን ሰዓት በስልክሽ ልይ ብዬ ለመንኳት። ሰጠችኝ። ሰዓቱን አየሁና አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ ሥር ቀበርኩት። እንድመልስላት አልጠየቀችኝም።

ጣቢያው እዚያው ባህሩ ዳር ነው፤ አንድ ጠባብ የመሳፈሪያ መድረክ፣ ከኋላው አሸዋ። ባቡሩ ሲመጣ ውስጡ ያለው የብስክሌት ማቆሚያ በሞገድ መንሸራተቻ ሰርፍ ቦርድና በብስክሌት ተሞልቷል። የበጋ ቅዳሜ ነው። ኮንዳክተሯ አንድ ብስክሌት ብቻ እንደሚገባ፣ ሁለተኛው የሚቀጥለውን መጠበቅ እንዳለበት በትሕትና ነገረችን።

“አንተ ሂድ” አለችኝ የሩስ። “ሥራ ያለብህ አንተ ነህ። እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ።”

“አይሆንም፣ አብረን እንሄዳለን።”

“ለምን? ሰርቨሩስ?”

“ይጠብቃል።”

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ስህተቴ ገባኝ። እሷም አየችኝ። ኮንዳክተሯ ሁለታችንንም ጠበቀች፣ ከዚያ እጇን አወዛውዛ ገባች። ባቡሩ ሄደ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ለሚቀጥለው ባቡር ረጅም ሰዓት ነበረን። ጋሽ ወንድሙ ሁለቴ ደወሉ፣ ድምፁን ስላጠፋሁት ኪሴ ውስጥ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ምን ላድርግ? ሄጄ የዓሣ ሳንድዊች ገዝቼ መጣሁ። ውሃ አመጣሁላት። ጫማዋ ውስጥ አሸዋ ገብቶ ነበርና ከእግሯ አውልቄ አራገፍኩላት። ጃኬቴን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩ። እነዚህን ሁሉ ሳደርግ ማሰቤ አልነበረም፤ እጄ ነው የሚሠራው።

“አማን።”

“ወዬ።”

“ዛሬ ምን ሆነሃል?”

“ምን ሆንኩ?”

“እንጃ። ጥሩ ሆንክ” አለችና ወደ ባህሩ ዞረች። ሳንድዊቹን ግማሹን በልታ ግማሹን ጠቀለለችው።

የሚቀጥለው ባቡር መጣ። ቦታ ነበረው። የሁለታችንንም ብስክሌት አሰርኩ። የእሷን መሪ እንዳይወዛወዝ በማሰሪያው ደጋግሜ ጠመጠምኩት። ከብስክሌቶቹ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ በመስኮቱ በኩል እንድትቀመጥ አደረግኳት። ባቡሩ ለተወሰነ መንገድ በባህሩ ጠርዝ ይሄዳል። የሩስ በመስኮቱ ታያለች። እኔ ብስክሌቶቹን አያለሁ። ባህሩ ከዓይን ጠፍቶ የመጋዘንና የአጥር አገር ስንገባ ዞራ ሳታየኝ ተናገረች።

“ማን ሞተ?”

ድምፅዋ አልተለወጠም። የቀጠሮ ሰዓት የምትጠይቅ ነው የምትመስለው።

ጋሽ ወንድሙ “አደራ” ብለውኛል። አደራ ቀላል ቃል አይደለም፤ ታውቁታላችሁ። ቤት ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ በእኔ ተማምነው ነው የሚጠብቁት። “ማንም አልሞተም” ብዬ መዋሸት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሷ መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች።

“አባባ ነው?”

“አይደለም።”

መልሴ ራሱ መናገር ነበር። ለሁለታችንም ገባን። ለሰከንድ ያህል ዓይኗን ጨፈነች።

“እማማ ናት?”

“አይደለችም። ሁለቱም ደህና ናቸው።”

ከዚያ ቶሎ አልጠየቀችም። ባቡሩ አንድ ጣቢያ ላይ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ፣ እንደገና ተነሳ። ሦስተኛ ስም አልጠራችም። ወደ ብስክሌቷ ስታይ አየኋት።

“እንዴት?” አለች።

“መኪና ነው። ሻሸመኔ መንገድ ላይ። ዛሬ።”

“ብቻውን ነበር?”

“አላውቅም። ጋሼ ይሄን ብቻ ነው የነገሩኝ።”

“እሺ” አለች። “ስልኬን ስጠኝ።”

አውጥቼ ሰጠኋት። እስኪበራ ድረስ በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀችው። ከዚያ ቫይበርን ከፈተች፣ እኔም በጎን አየሁት። ከሳን ክሌመንቴ የላከችው ፎቶ ሥር “ታይቷል” የሚለው ምልክት ወጥቷል።

“አይቶታል” አለች። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። “አማን፣ ተሳስታችኋል። አሁን አይቶታል።”

በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ የከበደኝ ቀጥሎ ያልኩት ነው።

“የሩስዬ፣ ስልኩ ሰው እጅ ላይ ነው።”

ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፎቶውን በጣቷ አጉልታ የራሷን ብስክሌት ጎማ አየች፣ መልሳ አሳነሰችው። “ጎማው ያኔ ነው የተነፈሰው” አለች። “ፎቶው ላይ ይታያል።” ስልኩን አጠፋችው። አላለቀሰችም። እጇን ልይዛት ሞከርኩ፤ እጇ እንደ ዕቃ እጄ ውስጥ ቀረ፣ አልጨበጠኝም፣ አልሸሸኝም። እንዲህ ሆነን ዩኒየን ስቴሽን ደረስን።

ወትሮ ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ቀጥለን በካልቨር ሲቲው ባቡር ነበር የምንመለሰው።

“በሳይክል እንሂድ” አለችኝ።

“እስከ ቤት?”

“እስከ ቤት።”

“ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።”

“አውቃለሁ። ለዚያ ነው።”

ገና አልመሸም፤ ፀሐይዋ ፊታችን ላይ ነበረች። በቬኒስ ቡለቫርድ ወደ ምዕራብ ነዳን። የሩስ ትቀድማለች፣ እኔ እከተላለሁ። ፍጥነቷ የሁልጊዜው ነው። እጇን አውጥታ ትጠቁማለች፣ ጉድጓድ ስታይ በጣቷ ታሳየኛለች። የጎማ ቤቶች፣ የዶናት ቤቶች፣ የልብስ ማጠቢያዎች አለፍን። ምንም ያልሆነች ሴት ትመስል ነበር፤ እኔም ምንም ያልሆነ ሰው።

ክሬንሾ ጋ ቀይ መብራት ያዘን። ጎኗ ቆምኩ። አረንጓዴ በራ፤ አልተነሳችም። ከኋላችን የነበረው መኪና ትንሽ ጠብቆ በጎናችን ዞሮ አለፈ። እንደገና ቀይ ሆነ።

“አንተ ልጃችንን አይተሃታል፣ አይደል?” አለችኝ። ፊት ለፊቷን ነው የምታየው።

በሁለት ዓመት ውስጥ “ልጃችን” የሚለው ቃል ከሁለታችንም አፍ ወጥቶ አያውቅም።

“አዎ፣ አይቻታለሁ።”

“እኔ እምቢ አልኩ። ነርሷ ስትጠይቀኝ እምቢ አልኩ።”

“አውቃለሁ።”

“ምን ትመስል ነበር?”

“ግንባሯ ያንቺ ነው” አልኳት። “ጸጉር ነበራት። ብዙ ጸጉር፣ እርጥብ። የግራ እጇን ጨብጣው ነበር። ጣቶቿን ልከፍት ፈልጌ ፈራሁ።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“አልጠየቅሽኝም።”

“አዎ” አለች። “አልጠየቅኩህም።”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ፔዳሉን ረገጠች፣ ተከተልኳት።

መንገዳችን ላይ ስንደርስ የማውቃቸው መኪናዎች በሁለቱም በኩል ፓርክ ተደርገዋል። የፓስተሩ፣ የቸርች ሰዎች፣ የጎረቤታችን የእትዬ አበበች ልጅ መኪና። የሩስ በሩ ጋ ወረደች፣ ሄልሜቷን አወለቀች።

“እንዳልሰማሁ እሆናለሁ” አለችኝ።

“ለምን?”

“ጋሼ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ጠብቀዋል። ‘አደራ’ ብለውህ ነው አይደል? አላሳጣህም።”

“ትችያለሽ?”

“ሁለት ዓመት ሙሉ ችያለሁ” አለችኝ።

ብስክሌቶቻችንን ተሸክመን ደረጃውን ወጣን። በሩ ሲከፈት የሚያወራው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ሳሎናችን ውስጥ ያን ያህል ሰው አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ የነጠላው አለባበስ ብቻውን መርዶ መኖሩን ለማንም ይናገራል። የሩስ ግን እንዳላየች ሆነች። “ምነው፣ ምን ሆናችሁ ተሰብስባችሁ?” አለች። ድምፅዋን ሰምቼ ወለሉን አየሁ።

ጋሽ ወንድሙ ከሶፋው ተነሱ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ረጅምም ናቸው፣ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ መርዶ የነገሩ። “የሩስ ልጄ፣ ነይ ተቀመጪ” አሏት። ተመልሰው ሲቀመጡ አጠገባቸው ተቀመጠች። ፓስተሩ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ተዘጋጀ። እትዬ አበበች ብትወድቅ ለመያዝ ከኋላዋ ቆሙ።

“የሩስ” አሉ ጋሼ እንደገና። “አንቺ እግዚአብሔርን የምታውቂ ልጅ ነሽ።” ንግግራቸውን አቋረጡ። “ሰው ስንሆን…” አሉ፣ እንደገና አቋረጡ። ሚኪን ሕፃን ሆኖ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲቀበሉ፣ ሰው ሲሰበስቡ፣ ሌላውን ሲያጽናኑ ለራሳቸው ጊዜ አላገኙም። “ልጄ…” አሉና ቃል ጠፋቸው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ። ክፍሉ በሙሉ እሳቸውን ይጠብቃል። አልቻሉም።

የሩስ እጇን ዘርግታ የግራ እጃቸውን ያዘች።

“ጋሼ፣ ይተውት” አለች። “ሰምቻለሁ። ሚኪ ነው።”

ያን ጊዜ ጋሽ ወንድሙ አለቀሱ። ወንድ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ዓይነት ለቅሶ ግን አላየሁም። ሴቶቹም ተከተሉ፣ ቤቱ ተደበላለቀ። በዚያ ሁሉ መሀል የሩስ ቀጥ ብላ ተቀምጣ የአጎቷን እጅ በአውራ ጣቷ ታሻለች። እትዬ አበበች ወደ እኔ ዞሩ።

“ማን ነገራት?”

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እኔ መጣ።

“ጠየቅኩት” አለች የሩስ ከሶፋው ላይ። “ጠየቅኩት፣ ነገረኝ።”

ከዚያ በኋላ ማንም ስለዚህ ነገር አላነሳም።

ሰዎቹ ለቀናት ተመላለሱ። ያመጡልን ምግብ፣ ያጠቡልን ዕቃ፣ መሬት ላይ ተኝተው ያደሩልን አዳር፣ ይህ ሁሉ ባይኖር እንዴት እንሆን እንደነበር አላውቅም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ወጋችንን ልነቅፍ የጻፍኩት አድርጋችሁ አትውሰዱት። የሩስ በለቅሶው ሰሞን አላለቀሰችም፤ አንዳንዶቹ ይህን በክፉ ሳይሆን በጭንቀት ያንሾካሹኩበት ነበር። ያለቀሰችው ብዙ ሳምንታት ቆይታ ነው፣ ሥራ ቦታ፣ በሚኪ ዕድሜ ያለ አንድ ሕመምተኛ ወንበሩ ላይ ተኝቶ በሐበሻ ድምፅ “ያማል እንዴ?” ብሎ ሲጠይቃት። ሄጄ አመጣኋት። በመኪና።

ያ ቀን ምን እንደለወጠ ሰው ሲጠይቀኝ የምሰጠው ትልቅ መልስ የለኝም። ድንዛዜው በአንድ ጊዜ አልለቀቀንም፤ ከእግር ጣት እንደሚጀምር የደም ዝውውር ቀስ ብሎ፣ እያመመ ነው የተመለሰው። የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲያውም ከበፊቱ የከፉ ነበሩ፤ መጣላት ጀመርን። ስለ ሕፃኗ አልጋ፣ ማን እንዲወሰድ እንደፈቀደ፣ አንድ ምሽት ሙሉ ተጣላን። ከዚያች ቅዳሜ በፊት ዝም የሚል ባል ጥሩ ባል ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን የማምነው ሌላ ነው። የሩስ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እመልሳለሁ። አንዳንዴ የምመልሰው አይጠቅማትም። ቢሆንም ትጠይቀኛለች። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ ካለ፣ ምን አድርጉ ልላችሁ አልችልም። እኛን የገጠመንን ግን ነገርኳችሁ።

ከወራት በኋላ አንድ እሑድ ጋሽ ወንድሙ ከቸርች መልስ ቤታችን ምሳ በሉ። ልሸኛቸው እስከ መኪናቸው አብሬያቸው ወረድኩ። መኪናቸውን ከፍተው ግን አልገቡም።

“አማን፣ ሀዋሳ ያለችውን ታላቅ እህቴን፣ የየሩስን አክስት፣ ታውቃት የለ?” አሉኝ። “ሰሞኑን አልተሻላትም።”

“ሰምቻለሁ ጋሼ። እግዚአብሔር ይማራት።”

“አሜን።” ቁልፋቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወሩ። “የመጣ ነገር ካለ ለአንተ ነው የሚደውሉት፤ ስልክህን ሰጥቻቸዋለሁ። ሰው እንዳትሰበስብብኝ። ፓስተሩንም እንዳትጠራ። ሱቅ ውስጥ ብሆን፣ መንገድ ላይ ብሆን፣ አንተው ደውልና ንገረኝ። ታደርገዋለህ?”

“አደርገዋለሁ።”

“አደራ” አሉኝና መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ይህን ስጽፍ እህታቸው በሕይወት አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ ቁጥር ሲደውል፣ ስብሰባ ላይም ብሆን ተነስቼ አነሳዋለሁ። ቀኑ ሲመጣ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። እንደምደውልላቸው ግን አውቃለሁ።